ዴንማርክ ከብርዱ ሌላ ምን አላት?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ለማስተርስ ኮፐንሃገን ልመጣ ነው፣ ሰው ሁሉ ስለ ብርዱና ስለ ጨለማው ብቻ ነው የሚያወራኝ። አንቺ እዛው ተማሪ ስለሆንሽ ምኑን ነው የወደድሽው?

መልስ፦ ጨለማውስ እውነት ነው አልዋሽህም፣ ታህሳስ ላይ በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ጥልቅ ትላለች። ግን ሳይክሉ! ኖሬብሮ ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ ጠዋት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከነዳህ የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ እየሆነ ይጠብቅሃል፣ ጎንህ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ፣ ፊትህ ልጆቿን ከፊት በሳጥን የጫነች እናት፣ እኔማ መጀመሪያ ሰሞን እጄን ሳላሳይ ታጥፌ አንዲት አሮጊት እንዴት እንደተቆጡኝ (ልክ ነበሩ በነገራችን ላይ)።

ደግሞ ካፌ በር ላይ ጋሪ ውስጥ የተኛ ሕፃን ብታይ እንዳትደነግጥ፣ እናቱ ውስጥ ቡናዋን እየጠጣች ነው፣ እዚህ ልጅ ውጭ አየር ላይ ነው የሚተኛው፣ በክረምትም ጭምር። እኔ የተጣለ መስሎኝ ቆሜ ስጠብቀው ነበር እኮ 😂

ባዶ ጠርሙስና ቆርቆሮ አትጣል፣ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ስትከተው እንደ ዓይነቱ ከ1 እስከ 3 ክሮነር ይመልስልሃል፣ ወር መጨረሻ ላይ ስንቴ ዳቦ ገዝቼበታለሁ። ፕሮፌሰርህንም በስሙ ነው የምትጠራው፣ እሱ ግን እስካሁን አፌ ላይ እንቢ ብሎኛል።