ዕቅዱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ግፊትዎ ይለካ

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምኖረው ደሴ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ የልብስ ሱቅ አለኝ። 41 ዓመቴ ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ለራሴ ዕቅድ እጽፋለሁ። በየቀኑ በእግር መሄድ፣ ስኳር ማቆም፣ ብዙ ውሃ መጠጣት፣ በጊዜ መተኛት፣ 10 ኪሎ መቀነስ። ጥቅምት ሳይገባ ሁሉም ይቀራል። ከሱብሒ ሰላት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ወዲያ ወዲህ ስል ነው የምውለው። ሱቁ አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ ለቅሶው አለ፣ ሠርጉ አለ። ባለቤቴ «አንቺ መጻፍ ብቻ ነው» እያለ ይስቅብኛል። ሰነፍ ሆኜ ነው ወይ? ለራሴ ጊዜ ከየት ላምጣ?

እግረ መንገዴን፣ እናቴ በግፊት ወድቃ ግማሽ ጎኗ አልሠራ ብሎ ሁለት ዓመት አስታምሜያት ነው የሞተችው። እኔም ከአምስት ወር በፊት ፋርማሲ ስለካ 158 በ98 ነው አሉኝ። ግን ምንም አይሰማኝም። ራሴን ሲያመኝ ከእናቴ የተረፈ ኢናላፕሪል የሚባል የግፊት ኪኒን ስላለ አንድ እውጣለሁ፤ ይተወኛል። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዴ እበላለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ዕቅድ ነው። የፈሩት ግን እንደ እናትዎ መሆንን ነው። «እግረ መንገዴን» ብለው ከታች የጻፉት ከላይ መምጣት ነበረበት። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

በመጀመሪያ አብሽሩ። ግፊት በዘር ይሄዳል፤ እውነት ነው። የሚወረሰው ግን ለግፊት መጋለጡ እንጂ መውደቁ አይደለም። በግፊትና በመውደቅ መካከል ብዙ ዓመት አለ። በዚያ መካከል ደግሞ ብዙ የሚሠራ ነገር አለ። የላይኛው ቁጥር በ10 ብቻ ዝቅ ሲል ስትሮክ፣ ማለትም የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ ሰውን የሚጥለው ሕመም፣ የመምታት ዕድሉ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህ በብዙ ሰዎች ላይ ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው። እርስዎ 41 ዓመትዎ ነው፤ ግማሽ ጎንዎም ሙሉ ጎንዎም ይሠራል። አልረፈደም።

158 በ98 ግን ጤናማ ቁጥር አይደለም። መስመሩ 140 በ90 ነው። አንድ ቀን በመለካት ብቻ «ግፊት አለብዎት» አይባልም፤ መደገም አለበት። እርስዎ ግን አልደገሙትም። ለምን? ምንም ስላልተሰማዎት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ይህን አባባል ከታካሚዎቼ አፍ ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። «ዶክተር፣ የእኔ ግፊት ሲነሳ ይታወቀኛል። ማጅራቴን ይይዘኛል። ጆሮዬ ይጮሃል። ፊቴ ይግላል። አሁን ደህና ነኝ።» የተማረውም ይለዋል፣ ያልተማረውም ይለዋል።

አይታወቅም፣ እህቴ። 158 በ98 የሆነ ሰው ይሠራል፣ ይስቃል፣ ሠርግ ላይ ይጨፍራል። 170 የሆነም እንደዚያው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። ግድ የለሽ ሆነው አይደለም። ስላላመማቸው ነው።

«ታዲያ ራሴን ባመመኝ ቀን ስለካ ለምን ከፍ አለ?» የሚሉኝ አሉ። ሕመም ራሱ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ጥርስዎን ቢያምዎትም ከፍ ይላል፤ ቢደነግጡም ከፍ ይላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ግፊቱን ከፍ ያደረገው ራስ ምታቱ ነው እንጂ ራስ ምታቱን ያመጣው ግፊቱ አይደለም። ራስ ምታቱ የመጣው እንቅልፍ ስላጡ ሊሆን ይችላል። ቁርስ ሳይበሉ ስለዋሉ፣ የለመዱት ቡና ስለቀረ፣ ዐይንዎ ስለደከመ ሊሆን ይችላል። ሰው ታዲያ ኪኒን ይውጣል። ራስ ምታቱ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል። «አያችሁ፣ ግፊት ነበር» ይላል። በሚቀጥለው ወር ራሱን ሳያመው ሲቀር «ለቀቀኝ» ይላል። እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ።

በእነዚያ ዓመታት ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ ሌት ተቀን ይገፋዋል። ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደርቃል። አንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ይዳከሙና አንድ ቀን ይዘጋሉ ወይም ይፈነዳሉ። የልብ ጡንቻ ይወፍራል። ኩላሊት የማጣራት አቅሙ ይቀንሳል። ዐይንም ይነካል። ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም! ብዙ ሰው የሚነቃው ከወደቀ በኋላ ነው። እናትዎን ሁለት ዓመት አስታመዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ለዚህ ነው በዚህ ነገር ላይ እንዲህ የማስረዝመው።

ግፊት የሚሰማበት ጊዜ ጨርሶ የለም አልልም። 180 በ120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዐይን ብዥታ ወይም መደናገር ካመጣ ድንገተኛ ሕመም ነው። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬዳል። ከዚያ በታች ባለው ላይ ግን ስሜትዎን አይመኑት። የሚታመነው መለኪያው ብቻ ነው።

ወደ እናትዎ ኪኒን ስመጣ ትዕግሥቴ ያልቃል። ይህን ያቁሙ። ዛሬውኑ ያቁሙ። ኢናላፕሪል የራስ ምታት መድኃኒት አይደለም። የግፊት መድኃኒት በየቀኑ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። ራስዎን ባመመዎት ቀን የዋጡት አንድ ፍሬ ግፊትዎን አይቆጣጠረውም። ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። በ41 ዓመት እርግዝና ሊመጣ ይችላል። ኢናላፕሪል የፅንሱን ኩላሊት ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከእሱ ጋር ደግሞ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ ለእርስዎም ኩላሊት ያሰጋል። ዳይክሎፌናክ ብቻውንም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ለራስ ምታት ብለው የገዙት ኪኒን ግፊትዎን ሲጨምር አስቡት። ከሱቅ ከረሜላ እንደሚገዛ እየተገዛ ስንቱን ሰው እንዳቆሰለ አይቻለሁ። የተረፈውን ኪኒን ወደ ፋርማሲ ይመልሱት። ለእናትዎ የታዘዘው እሳቸው ተመርምረው ነው። እርስዎን ገና ማንም አልመረመረዎትም።

ነጭ ሽንኩርቱን ይብሉ፤ ጥሩ ነው። ፌጦውም አይከፋም። የሕክምናን ቦታ ግን አይተኩም።

አሁን ደግሞ የሚከብድ ነገር ልናገር። አምስት ወር ሙሉ ለመለካት አሥር ደቂቃ ጠፋ ብዬ አላምንም። ፋርማሲው መንገድዎ ላይ ነው። ያጡት ጊዜ አይመስለኝም። ቁጥሩን ዳግም ማየት ፈርተው ነው። ከእናትዎ በኋላ ማን ቢሆን ይፈራል። አያፍሩበት። ግን ፍርሃቱን በ«ጊዜ የለኝም» አይሸፍኑት። «መድኃኒቱ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም» ሲባል ሰምተውም ይሆናል። ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ይወስደዋል፤ አልዋሽዎትም። ይህ ግን ሱስ ስለሚያስይዝ አይደለም። ግፊቱ ራሱ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ስለሆነ ነው። ክብደታቸውን ቀንሰው፣ ጨው ቀንሰው፣ ሐኪማቸው መድኃኒቱን ያሳነሰላቸውም አሉ።

ሲለኩ እንዲህ ያድርጉ። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ። ሽንትዎን ይሽኑ። ደሴ ዳገት ናት፤ ዳገት ወጥተው እንዳለከለኩ ክንድዎን አይስጡ። አምስት ደቂቃ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ይሁን። ሲለኩ አያውሩ። በሌላ ቀን ይድገሙት። በሁለቱም ቀን 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱና ካርድ ያውጡ። ስኳርዎን፣ ኩላሊትዎን፣ ሽንትዎን ይመረምሩልዎታል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ ይንገሯቸው፤ አንዳንዱ ግፊት ይጨምራል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር ካለዎት ይዘው ይሂዱ።

አሁን ወደ ዕቅድዎ። ሰነፍ ነኝ ወይ ብለዋል። ለዓመታት በየቀኑ ለሱብሒ የሚነሳ ሰው ሰነፍ አይባልም። ሰላትዎ ለምን ጸና? ሰዓቱ የታወቀ ነው። ከውዱእ በኋላ ምን እንደሚከተል የታወቀ ነው። «ዛሬ ልስገድ ወይስ ልተወው» ብለው ከራስዎ ጋር አይከራከሩም። የመስከረም ዕቅድዎ ግን ሰዓት የለውም፣ ቦታ የለውም። አምስት ነገር ባንድ ጊዜ ነው። «10 ኪሎ መቀነስ» ደግሞ ዛሬ ጠዋት ተነስተው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አይደለም። ከሌላ ሥራ በኋላ የሚመጣ ውጤት ነው።

አራቱን ይሰርዟቸው። አንዱን ይያዙ፤ በእግር መሄዱን። ሰዓቱን ካለዎት ነገር ጋር ያስሩት፤ ለምሳሌ ሱቅ ከመክፈትዎ በፊት። ከባጃጁ መንገድ እኩሌታ ላይ ይውረዱና ቀሪውን ይራመዱ። በአሥር ደቂቃ ይጀምሩ። ቀስ እያሉ በሳምንት ወደ 150 ደቂቃ ያድርሱት፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ልኩን በዚህ ይወቁት፦ እየሄዱ ማውራት ይቻልዎታል፣ መዝፈን ግን ያቅትዎታል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዳገቷ ቶሎ ያደርስዎታል። ሜዳ ፍለጋ እስከ ሆጤ መውረድ አያስፈልግም፤ ጂም መክፈልም አያስፈልግም። ሲራመዱ ደረትዎን ከጨመቀዎት ግን ያቁሙና ለሐኪም ይንገሩ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የለንደን ጥናት ስለ ልማድ ጥሩ ነገር አሳይቷል። አዲስ ነገር ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል። ለአንዳንዱ ከሦስት ሳምንት በታች፣ ለሌላው ከዚያ በብዙ የረዘመ። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን አላፈረሰውም። ከመስከረም 1 ቢቆጥሩ 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ላይ ይውላል። እርስዎ ተስፋ የሚቆርጡት ጥቅምት ሳይገባ ነው። አንድ ቀን ለቅሶ ውለው ቢቀርብዎ «አበቃ» አይበሉ። በማግሥቱ ይቀጥሉ።

ይህችን ደግሞ ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው። ወንድሜ፣ ከመሳቅ ይልቅ ጠዋት የልጆቹን ቁርስ እርስዎ ያቅርቡ። ሚስትዎ የሚያስፈልጋቸው ግማሽ ሰዓት ነው። እናታቸው ሲታመሙ ስንት ሌሊት እንደነቁ አይተዋል።

ጨውን በተመለከተ፣ ለአንድ ሰው የቀኑ ልክ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። ተገዝቶ የሚመጣ ሽሮና በርበሬ ብዙ ጊዜ ጨው ተቀላቅሎበታል፤ ወጡ ላይ ከመጨመርዎ በፊት ይቅመሱ። ቡና በጨው የምትጠጡ ከሆነ ጨው አልባውን ይልመዱ። ቡናው ራሱ አይቅርብዎ፤ ማታ ማታ ብቻ ይተዉት። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኝቶ ለሱብሒ መነሳት ለሰውነት ያንሰዋል። ወደ 4 ሰዓት ቢያወርዱት ጥሩ ነው፤ ይህን ግን እግሩ ከለመደ በኋላ ያምጡት።

አንድ ነገር በቤትዎ ያለ ሰው ሁሉ ይወቅ። ፊት በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ድንገት ከከዳ፣ ንግግር ከተኮላተፈ «ምች ነው» ተብሎ አይጠበቅም። የጀመረበትን ሰዓት ይዛችሁ በቀጥታ ሆስፒታል። በደቂቃዎች ውስጥ ቢተወውም እንኳን ይኬዳል። በአፍ ውሃም ሆነ የግፊት ኪኒን አይሰጥም።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሱቅ ከመክፈትዎ በፊት ይለኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ይድገሙት። ቁጥሮቹን ከነቀናቸው ጽፈው ይላኩልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ 10 ኪሎው እናወራለን።