በሩ ወዴት ነው የሚከፈተው?

«በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ሰሞኑን ባልደረባዬ ሌሊት መድኃኒት ልትሰጥ እንደገባች ታካሚው በሩን ቀረቀረና አልጋውን አስደገፈበት። ጥበቃዎቹ በትከሻ ገፍተው እስኪገቡ ነፍሳችን ወጣ። ጥገና ክፍል ወፍራም ላሜራና ትልቅ ቁልፍ እናስገጥም ይላል። ይረዳናል?»

ሲስተር፣ እንኳን ባልደረባዎ በደህና ወጣች። ላሜራውን ግን ይተዉት።

እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ሠርቻለሁ። ብረት ጨመርኩ፣ ማጠፊያ ጨመርኩ፣ «ዝሆንም አይሰብረው» ብዬ አስረከብኩ። በኋላ ታካሚው ከውስጥ ዘጋው፤ እውነትም የሚሰብረው ጠፋ። ግራይንደር ይዤ ሄጄ የራሴን በር የቆረጥኩት እኔው ነኝ።

የእናንተም በር ችግሩ ላሜራው ስስ መሆኑ አይደለም፣ ወደ ውስጥ መከፈቱ ነው። አልጋው በአንድ ጫፉ በሩን፣ በሌላው ግድግዳውን ከነካ አሥር ሰው ቢገፋ ንቅንቅ አይልም። ወደ ኮሪደር የሚከፈት ቢሆን ግን ስበው ይከፍቱታል፤ አልጋው ባዶውን ይቆማል።

ለዚህ አዲስ በር አይግዙ። በሩ ኤል ቲ ዜድ ከሆነ (በእነዚህ ፊደላት ቅርጽ ከወጡ ብረቶች የተሠራ ማለት ነው) ክንፉን ብቻ ነቅሎ ማዞር አይሆንም፣ ጠርዙ መቃኑ ላይ ስለሚያርፍ። ሠራተኛው ግድግዳ ውስጥ የተቀበሩትን የመቃኑን እግሮች ቆርጦ፣ መቃኑን ከነክንፉ አውጥቶ፣ ፊቱን አዙሮ ይትከለው። ማጠፊያው ያኔ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ ክንፉ ኮሪደሩ ላይ የት እንደሚያርፍ አስቀድመው ይዩ። ሙሉ በሙሉ ዞሮ ግድግዳው ላይ ካልተኛ አላፊውን ይመታል፣ ወሳንሳ ያግዳል።

የውስጡን መቀርቀሪያ ግን ዛሬውኑ ያስፈቱ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግዢ ክፍልን ደጅ አያስጠናም። በሩ እስኪዞር ድረስ አልጋውንም ወለሉ ላይ በብሎን ያሳስሩት፤ ብሎኑ በእጅ እንዳይፈታ ጫፉ ይበየድ።

ውጭ ጓጉንቸር ካለ እሱም ይነሳ። በጨለማ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ ቀዳዳ መፈለግ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል። ፈልቅቆ እጁ ላስገባው ሰው ደግሞ መዶሻ ነው። በምትኩ በሩ ላይ የሚቀበር ቁልፍ ያስገጥሙ፣ ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት መክፈቻ የሚከፈቱ ይሁኑ። ገፋ ሲያደርጉት በራሱ የሚቆለፈውን አይግዙ፤ መክፈቻ ረስታ የገባች ነርስ ውስጥ ትቀራለች። መክፈቻው በየተረኛው ወገብ ላይ ይሁን። አንገት ላይ ማንጠልጠል ይቅር፣ ገመዱ ማነቂያ ይሆናል። ለመጸዳጃ ቤቱ ከውጭ በሳንቲም የሚዞር ቁልፍ ይበቃል።

የበሩ መስኮት ተራ መስታወት ከሆነ በፖሊካርቦኔት፣ በቀላሉ በማይሰበር ግልጽ ፕላስቲክ፣ ይቀየር። ወደ ታች ረዘም ይበል፤ ወለል ላይ የተቀመጠም ሰው መታየት አለበት። እጀታውን ገመድ እንዳይያዝበት ወደ ታች ተዳፋት የሆነ ያድርጉት። ይሄ ታካሚው ራሱን እንዳይጎዳ ነው።

ሌሊት አንድ ሰው ብቻውን መግባቱን ግን ብየዳ አያስተካክለውም። እሱን ከአለቆችዎ ጋር ይጨርሱት።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ጎረምሳ ጥበቃ ውስጥ ይግባና አልጋውን አስደግፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይግፋ። እርስዎ ብቻዎን ከውጭ ስበው ከከፈቱት ይረከቡ። ካቃተዎት ለብረት ሠሪው ቀሪውን ክፍያ እንዳይሰጡት።