የመስከረም 1 ዓሳ ጳጉሜ ላይ ለምን ወጣ?

ከባሕር ዳር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሌላውም እንዲገባው ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጣና ዳር ላለ የዓሳ አስጋሪዎች ማህበር የዕለት ምርት መመዝገቢያ ሰርተህ፣ በቻርት ጄኤስ (ድረ ገጽ ላይ ቻርት የሚስል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሳውን በኪሎ እያሳየህ ነው፣ ግን መስከረም 1 የገባው ጳጉሜ 5 ላይ ይወጣል፣ ወር ስትቀይር ማውሱ ሲያልፍበት የድሮው ቻርት ብቅ ይላል፣ አንዳንድ ስልክ ላይ ደሞ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ይሆናል።

የመጀመሪያው የቻርቱ ጥፋት አይደለም። ቀኑን ስትመዘግብ በቱ አይሶ ስትሪንግ (ቀኑን ወደ ጽሑፍ በሚቀይረው የጃቫስክሪፕት ትዕዛዝ) ነው የምትቀይረው መሰለኝ፣ እሱ ደሞ ሁሉን ወደ ዩቲሲ፣ ማለትም ወደ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይወስደዋል፣ እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ስለምንቀድም ባሕር ዳር እኩለ ሌሊት ሲሆን እዛ ገና የትናንት ምሽት ነው፣ ስለዚ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ያልከው 10 ሆኖ ይቀመጣል፣ ያ ማለት መስከረም 1 ቀን 2017 የነበረው ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ሆነ ማለት ነው። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ጃቫስክሪፕት ቀኑን ከያዘበት ከራሱ ከዴቱ ለየብቻ አውጥተህ አንተው ገጣጥመው፣ ወሩ ከ0 ስለሚጀምር 1 መጨመር አትርሳ። ዳታቤዙ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጥ፣ ለተጠቃሚው ስታሳይ ብቻ ቀን በሚያሳምረው በጃቫስክሪፕቱ ኢንትል ዴት ታይም ፎርማት ካላንደሩን ኢትዮፒክ አርገው፣ የጳጉሜ 6ን ሂሳብ በእጅህ አትጻፍ።

ወር በወር ስትደምርም በኛ ወር ደምር። የቻርቱን ታይም አክሲስ (በቀን የሚከፈለውን አግድም መስመር) በወር ክፈል ስትለው የፈረንጁን ወር ነው የሚከፍልልህ፣ ስለዚ ካቴጎሪ አክሲስ (አንተ በሰጠኸው ስም የሚከፈል) አርገህ የወሮቹን ስም ራስህ ስጠው። እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቅ፣ ጳጉሜ 5 ወይ 6 ቀን ስለሆነች ድምሩን እንዳለ ካስቀመጥክ ባሯ ቁጭ ትላለች፣ ያየው አስጋሪ ዓሳው ጠፋ ይላል። ነጭ ዓሳ ደሞ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዝ ስለሚወጣ በዛው ሰሞን ምርቱ በእውነትም ሊቀያየር ይችላል፣ ሁለቱ ከተደባለቁ ማንም አይለያቸውም። ኪሎውን ለወሩ ቀናት አካፍለህ የቀን አማካይ አሳይ።

ነፋስ በርትቶ ታንኳ ያልወጣበት ቀን ላይ 0 ከጻፍክም ያው ነው፣ 0 ማለት ወጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ ማለት ነው እኮ። ያልተሰገረበትን ቀን ነል (ዋጋ የለውም) አርገው፣ መስመሩ እዛ ጋ ይቆረጣል፣ ይቆረጥ፣ ክፍተቱን የሚያገናኘውን ስፓን ጋፕስን አብርተህ አትቀጥለው።

ብቅ የሚለው የድሮ ቻርት ቀላል ነው። ወር በተቀየረ ቁጥር እዛው ካንቫስ (ቻርቱ የሚሳልበት የገጹ ቦታ) ላይ አዲስ ቻርት እየፈጠርክ ነው፣ ቻርት ጄኤስህ የቆየ ቨርዥን ስለሆነ ነው ዝም ያለህ፣ ከ3 ወዲህ ያሉት ካንቫሱ ተይዟል ብለው ኤረር ይሰጡሃል። አንዴ ፍጠረውና ዳታውን ብቻ ቀይረህ አፕዴት ጥራ፣ ገጹ ሲዘጋ ቻርቱን የሚያጠፋውን ዴስትሮይን ጥራ።

ሳጥኑ የፎንት ነገር ነው፣ ካንቫስ ፎንቱ እስኪወርድ አይጠብቅም፣ ስልኩ የግዕዝ ፊደል ከሌለው በዛ ሰዓት ያገኘውን ስሎ ያልፋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ራስህ ሰርቨር ላይ አስቀምጠው፣ ፎንት በሚያወርደው የብራውዘሩ ትዕዛዝ በዶክዩመንት ፎንትስ ሎድ ጥራው፣ ስትጠራው ናሙና ጽሑፉን አማርኛ አርግለት፣ ወርዶ ሲያልቅ ነው ቻርቱን የምትፈጥረው፣ የቻርቱ ዲፎልት ፎንትም እሱ ይሁን።