ሌንሱን ስትለቀው ወዴት ይሄዳል?

የፎቶ አንሺዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ። እንጀራዬ ሠርግና ልደት ነው፤ ፎቶም ቪዲዮም እሠራለሁ። ለራሴ ደግሞ ወፍ ማንሳት እወዳለሁ። በቅርቡ ከወዳጄ ላይ ሲግማ 150-600 ሚሊ ሜትር ዙም ሌንስ ገዛሁ። ትራይፖድ ላይ ስገጥመው ግን ተቸገርኩ። ሄዱ፣ ማለትም ሌንሱን የሚይዘው የትራይፖዱ ራስ፣ ባለ ኳስ ነው፤ ካርቶኑ ላይ 8 ኪሎ ይችላል ይላል። ጥርቅም አድርጌ አጥብቄው እጄን ስለቅ፣ ሌንሱ ቀስ እያለ አፍንጫውን ይደፋል። ፍሬሙ መሃል ያስገባሁት ጭልፊት ከላይ ተቆርጦ ይወጣል። ለደመራ መስቀል አደባባይ ይዤው ልወጣ አስቤያለሁ። 15 ኪሎ ይችላል የሚል ሌላ ባለ ኳስ ሄድ አይቻለሁ። ልግዛው?
ባለ ጭልፊቱ

መልስ፦ ቁጥሩን አይተህ ከሆነ አትግዛው።

እስቲ ጭነትህን እንደምር። ሲግማ 150-600 መስታወት ላላቸው ካሜራዎች (DSLR) የተሠራው ሁለት ዓይነት አለው። ኮንቴምፖራሪ የሚባለው 2 ኪሎ ይጠጋል። ስፖርት የሚባለው 3 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ካሜራህ ሲጨመር 3 ኪሎ፣ ቢበዛ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ታዲያ 8 ኪሎ ይችላል የተባለው ሄድ ግማሹን እንዴት አቃተው? 15 የሚለውስ እንደማያቅተው በምን እናውቃለን?

ካርቶን ላይ የሚጻፈው ኪሎ ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ የለውም። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ለክቶ ይጽፋል። ላዩ ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ዕቃ መሸከም አንድ ነገር ነው፤ ያዘነበለን ሌንስ ባለበት ማቆም ሌላ ነው። ሌንስ ሲያዘነብል ከኪሎው እኩል የሚፈርደው ርቀቱ ነው። የክብደቱ መሃል ከሄዱ 5 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ከወጣ አንድ ጫና ይኖራል። 10 ሳንቲ ሜትር ከወጣ ጫናው እጥፍ ይሆናል። ኪሎው ግን ያው ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ሳታወጣ የምትጀምረው ከሚዛኑ ነው። ትራይፖዱን የገጠምከው ካሜራው ሥር ከሆነ አሁኑኑ ፍታው። እንዲህ ያለ ሌንስ ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት አለው፣ ቀለበቱም ከሥሩ እግር አለው። የሚገጠመው እሱ ላይ ነው። ከዚያ እግሩ ላይ ረዘም ያለ ፕሌት፣ ማለትም ሄዱ ነክሶ የሚይዘው ጠፍጣፋ ብረት፣ አድርግ። ከ15 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ሄዱን ላላ አድርገው፤ እጅህ ግን ከሌንሱ አይራቅ። አሁን ፕሌቱን ወደፊትና ወደኋላ እየሳብክ፣ ሌንሱ በራሱ አግድም የሚቆምበትን ቦታ ፈልግ። የአንተ ሌንስ ዙም ሲደረግ ይረዝማል፤ ክብደቱም ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ ሚዛኑን 150 ላይ ሳይሆን 600 ላይ አድርገህ አግኘው። ቦታውን በቀለም ምልክት አድርግበት። ይህን ብቻ አድርገህ መደፋቱ በግማሽ ቢቀንስ አይግረምህ።

ሙሉ በሙሉ ግን አይቀርም። ምክንያቱ የኳሱ አሠራር ነው። በባለ ኳስ ሄድ ክብደቱ በሙሉ ያለው ከኳሱ በላይ ነው፤ መዳፍ ላይ ዱላ አቁሞ እንደመያዝ ነው። ቀጥ ሲል ይቆማል፤ ትንሽ ካዘነበለ መውደቅ ነው የሚፈልገው። የሚይዘው የኳሱ ሰበቃ ብቻ ነው። ለ70-200 ሌንስ ትልቅ ኳስ ያለው ጥሩ ሄድ ይበቃል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለ600 ግን አልመክርህም። ጭልፊት ለመከተል ስታላላው ሌንሱ ባንድ ጎኑ ሊገለበጥ ይችላል። ጣትህ መሃል ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ጊምባል የሚባለው ሄድ ነገሩን ገልብጦ ይሠራዋል። ሌንሱን ከላይ አይሸከመውም፤ በክንዱ መሃል ያንጠለጥለዋል። የክብደቱ መሃል ከመዞሪያው ጋር እንዲገጥም ታደርገዋለህ። ያኔ ምንም ሳታጠብቅ ሌንሱን ሰማይ ላይ ብታዞረው እዚያው ይቆማል። ወደ መሬት ብትመልሰው እዚያም ይቆማል። ርዕሴ ላይ ያነሳሁት ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ነው። ማንኛውም ሄድ ፊትህ ሲቀርብ "እጄን ስለቅ ሌንሱ ወዴት ይሄዳል?" ብለህ ጠይቅ። የትም የማይሄድ ከሆነ ኪሎውን ባትጠይቅም ይሆናል።

ጊምባል ግን የራሱ ችግር አለው። ወደ ጎን አያዘነብልም፤ ስለዚህ የትራይፖዱን እግር በውሃ ልክ ማስተካከል የግድ ነው። ቀለበት ለሌለው አጭር ሌንስ አይመችም። ራሱም ይከብዳል፤ ታዋቂው ዊምበርሊ 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እንጦጦ ድረስ ይዞት ለሚወጣ ትከሻ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አንተ ቪዲዮ ትሠራለህ። ለአንተ የምመርጠው ስፕሪንግ ያለው ፍሉይድ ሄድ ነው። ስፕሪንጉ ሌንሱ ሊደፋ ሲል ወደ ላይ ይመልሰዋል። ውስጡ ያለው ወፍራም ቅባት ደግሞ እንቅስቃሴውን ያለዝበዋል። ሠርግ ላይ ቪዲዮ ትሠራበታለህ፣ እሑድ ጭልፊት ታነሳበታለህ። የጭልፊት ፍጥነት ላይ ጊምባል ይበልጠዋል፤ ይህን አልደብቅህም። ግን እንጀራህን የሚያበስልልህ ዕቃ ቅድሚያ ይኑረው።

ስትመርጥ የስፕሪንጉን ልክ ጠይቅ። ለምሳሌ ማንፍሮቶ 502 ስፕሪንጉ ለ4 ኪሎ የተወሰነ ነው፤ አይቀየርም። ለአንተ ጭነት ይቀርባል፤ ቀለል ያለ ካሜራ ብቻ ስታደርግበት ግን ወደ ላይ ይመልስሃል። ደረጃው የሚቀየር ካገኘህና አቅምህ ከፈቀደ እሱን ውሰድ። ሥሩንም እይ። አንዳንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ አንዳንዱ 75 ሚሊ ሜትር ጎድጓዳ ላይ የሚቀመጥ ነው። የትራይፖድህ እግር የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ገዝተህ ቶርኖ ቤት ለቶርኖ ቤት እንዳትንከራተት። ግን መጀመሪያ ሠርግ አብረውህ ከሚሠሩት ላይ ተዋስ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሞክረው። ከእኔ ምክር በላይ ይነግርሃል።

ሱቅ ስትሄድ የራስህን ካሜራና ሌንስ ይዘህ ሂድ። በባዶው አሽከርክሮ "ለስላሳ ነው" የሚልህን አትስማ። ሄዱን እግር ላይ አስገጥመህ ወደ ደጅ አዙረው። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ከሆንክ ላይ ያለው ማዘጋጃ ቤት ጥሩ ዒላማ ነው። 600 ላይ አድርግ። በስክሪኑ 10 ጊዜ አጉልተህ አንድ የመስኮት ጠርዝ መሃል አስገባ። አጥብቅና እጅህን አንሳ። ጠርዙ ወረደ? ከወረደ ሥራ ላይም ይወርዳል። ከዚያ የሌንሱን ጫፍ በጣትህ ቀስ ብለህ ምታ፤ ምስሉ እስኪረጋ ድረስ ቁጠር። ሁለት ሄዶችን ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ያገለገለ ከሆነ ሁሉንም ማጥበቂያ ዝጋና ፕሌቱን ይዘህ በኃይል ጠምዝዝ። የሚላወስ ከሆነ ተወው።

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ በቁጥር ላሳይህ። በሙሉ ፍሬም ካሜራ 600 ላይ ሆነህ 100 ሜትር የራቀ ነገር ብታነሳ፣ ፎቶህ ከግራ እስከ ቀኝ የሚይዘው 6 ሜትር ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ያንን 6 ሜትር ለ6,000 ነጥብ ያካፍለዋል። አንዱ ነጥብ 1 ሚሊ ሜትር ደረሰው። የሌንሱ ጫፍ ከሄዱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ምስሉን አንድ ነጥብ ለማንሸራተት ጫፉ የሚያስፈልገው መነቃነቅ አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ተከፍሎ ሦስቱ እጅ ብቻ ነው። በዓይን አይታይም፤ ፎቶው ላይ ግን ይታያል።

በዚህ ምክንያት የትራይፖዱን እግርም አትርሳ። ውድ ሄድ ቀጭን እግር ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። መሃል ያለውን ምሰሶ አታውጣው። እግሩን ስትዘረጋ ከወፍራሙ ክፍል ጀምር። ሄዱና እግሩ የሚገናኙበት ብሎን ብዙ ጊዜ 3/8 ኢንች ነው። በ1/4 ብሎን የሚገጠም ቀላል እግር ለዚህ ሌንስ አይሆንም። ሌላም አለ። ከባድ ሌንስ ወደ ግራ ስታዞር፣ ሄዱ ራሱ ከእግሩ ላይ ሊፈታ ይችላል። ብዙ እግሮች ሄዱ ከሚቀመጥበት ሳህን ሥር ትናንሽ ብሎኖች አላቸው። ሄዱን ካጠበቅክ በኋላ እነሱን በብሩጎላ ወደ ላይ አጥብቃቸው። ኪስህ ውስጥ አንድ ብሩጎላ ይኑር። ፕሌቱ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትንም ትናንሽ ብሎኖች አታውልቃቸው፤ መያዣው ቢላላ ሌንሱ ተንሸራቶ እንዳይወድቅ የሚያግዱት እነሱ ናቸው።

ስለ ደመራ ደግሞ ይህን ላክል። መስከረም 16 ከ12 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ቶሎ ነው የሚሄደው። ትራይፖድ የሌንስህን መንቀጥቀጥ ያቆማል፤ የመዘምራኑን እንቅስቃሴ አያቆምም። ለእነሱ የሹተር ፍጥነትህን 1/500 ሰከንድ አካባቢ ያዝ፤ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ማድረግ አትፍራ። እሳቱ ሲነሳ 600ው ይጠብብሃል፤ አጭሩን ሌንስ አዘጋጅተህ ጠብቅ። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፤ ቦርሳህን ተረጋግተህ ከፍተህ አሳይ። ደረጃው ላይ ስትቆም የእግሩን ሹል አስገብተህ ጎማውን አውጣ፤ ሹል ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ከኋላህ እናቶች ተቀምጠው ከሆነ ደግሞ እግሩን አሳጥረህ አብረህ ቁጭ በል። እነሱ ለበዓሉ ነው የመጡት። ዝቅ ያለ ትራይፖድም የበለጠ ይረጋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የኳስ ሄዴ ስዞረው እየተንገጫገጨ ነው። ትንሽ የስፌት ማሽን ዘይት ባደርግበትስ?
ከፒያሳ

መልስ፦ በፍጹም እንዳታደርጊ፣ እህቴ። ኳሱን የሚይዘው ሰበቃ ነው አላልኩም? ዘይት ከነካው መያዙን ያቆማል፤ አቧራም ይሰበስባል። በበጋ የከተማችን አቧራ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ኳሱን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ እያዞርሽ ጥረጊው። ጥጉ ላይ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ አውጪው። ከዚያ በኋላም ከተንገጫገጨ ውስጡ ተቧጭሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከባድ ሌንስ አትስቀዪበት።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ነው ፎቶ የጀመርኩት። ሌንሴ ላይ ያለውን የመንቀጥቀጥ መከላከያ ትራይፖድ ላይ ላጥፋው ወይስ ይብራ?
ከለገሃር

መልስ፦ ጋሼ፣ ሄዱ ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቶ ካሜራውን በሰዓት ቆጣሪ የሚያነሱ ከሆነ ያጥፉት። አንዳንድ ሌንስ ምንም መንቀጥቀጥ በሌለበት ራሱ ፈልጎ ምስሉን ያንቀሳቅሳል። ሄዱን አላልተው በእጅዎ ይዘው የሚከተሉት ነገር ካለ ግን ይብራ። አዳዲሶቹ አንዳንዶቹ ትራይፖድ ላይ መሆናቸውን ራሳቸው ያውቃሉ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ነገር አብርተውም አጥፍተውም ደጋግመው ያንሱና አጉልተው ያወዳድሩ።