ሳሩ እያለ ከብቶቹ ለምን ይዘሉታል?

ወንድሜ መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። "ሳር አለ ግን ከብቶቹ እየዘለሉ ነው የሚግጡት፣ ዝንቡም አስቸገረን፣ ሳሩ በሽታ ይዞት ይሆን" ነው ያልከው። እኔን የያዘችኝ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግካት ናት፣ "በየወሩ ሁሉንም አይቨርሜክቲን (የትል መድሃኒት) ስለምናስወጋ ጤናቸው ደህና ነው" ያልካት።

ሳሩ ምንም አልሆነም ባይ ነኝ። ከብት እበት ዙሪያ ያለ ሳር አይነካም፣ እበቱ ቶሎ ካልጠፋ ያ ሁሉ ሳር ባክኖ ይቀራል፣ የማይጠፋው ደሞ የሚቀብሩልህ ጥንዚዛዎች ስላለቁ ነው። እነዚህ ጥንዚዛዎች ብዙ አይነት ናቸው። አድቦልቡለው እየገፉ የሚወስዱትን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፣ ትልቁን ስራ የሚሰሩት ግን እዛው እበቱ ስር ቆፍረው ወደታች የሚያወርዱት ናቸው፣ እበቱ ውስጥ የሚኖሩም አሉ፣ ቀን የሚወጣ አለ ማታ የሚወጣ አለ። ሁሉም ሲኖሩ ማዳበሪያው ስር ድረስ ይገባል፣ ዝናቡ በቀዳዳው ይሰርጋል፣ ዝንብም መራቢያ ያጣል። አውስትራሊያ የአገሩ ጥንዚዛ የላም እበት ስላልለመደ ሜዳው በእበትና በዝንብ ተቸግሮ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከውጭ እያስመጡ ለቀዋል፣ አንተ ግን በነፃ ያለህን እየገደልክ ነው።

የተወጋ ከብት መድሃኒቱን በብዛት የሚያስወጣው በእበቱ ነው፣ ያውም ለሳምንታት። ትልቁ ጥንዚዛ ቢተርፍ እንኳ እበቱ ውስጥ የሚያድገው እጭ ይሞታል፣ ስለዚህ ለሚቀጥለው ዝናብ የሚወጣ አይኖርም። ይሄ መንጋውን በሙሉ በየወሩ መውጋት በየሄድኩበት የማየው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆጣህ ፍቀድልኝ፣ ትሉም እኮ መድሃኒቱን ይለምደዋል!

አሁን ወጪ የሌለውን አድርግ። የከሱትን፣ የሚያስቀምጣቸውን፣ ፀጉራቸው የቆመውን ለይና ሐኪም አይቶ ትል ያለባቸው ብቻ ይታከሙ። የታከሙትን ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ከቻልክ 1 ወር፣ ሜዳ አታውጣቸው፣ በረት አስረህ እያጨድክ አብላቸው፣ እበታቸውን ለብቻ ከምረህ ጥንዚዛ እንዳይገባበት በደንብ ሸፍነውና ይብላላ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ የተመረዘው እበት ሜዳው ላይ እንዳይወድቅ። ሐኪሙን ደሞ በአልቤንዳዞል ወይ በሌቫሚዞል መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቀው፣ ለጥንዚዛ ጉዳታቸው በጣም ያነሰ ነው፣ አልቤንዳዞል ግን ገና ላረገዘች ላም አይሰጥም።

ዝናብ ሲጥል 2 ቀን የሞላው ያልታከመ ከብት እበት በእንጨት ገልብጠህ እይ፣ ስሩ ቀዳዳና የተፈነቀለ አፈር ካለ እየተመለሱ ነው፣ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።