የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ህብለ ሰረሰር ከተጎዳ በኋላ ኦፕራሲዮን ምን ይሠራል?

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ስለሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ጉዳት ናቸው። ከጠያቂዎቹ ሁለቱ ታማሚዎች፣ ሁለቱ አስታማሚዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ወድቆ አንገቱ ተሰበረ። ሐኪሞቹ በዚያው ሌሊት ኦፕራሲዮን አደረጉት። ዘመዶች «ነርቩ አንዴ ከተጎዳ ምን አስቸኮላቸው?» ይላሉ።

መልስ፦ ሐኪሞቹ ልክ ናቸው። ጉዳቱ በአደጋው ቅጽበት አያበቃም። የተሰበረው አጥንት ህብለ ሰረሰሩን ተጭኖ ይቆያል። እብጠት ይመጣል፣ ደም እንደልብ አይደርስም፣ ከአደጋው የተረፉት የነርቭ ክሮችም መሞት ይጀምራሉ። ጥድፊያው እነዚህን ለማዳን ነው። የተጫነው ይነሳል፣ አከርካሪው በብሎንና በዘንግ ይጸናል። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት 313 አንገታቸው ላይ የተጎዱ ሰዎችን አካቶ ነበር። በ24 ሰዓት ውስጥ ከተሠራላቸው 20 በመቶ ገደማው ከስድስት ወር በኋላ በጉዳቱ ክብደት መለኪያ ቢያንስ ሁለት ደረጃ ተሻሽለዋል። ከዘገዩት ግን 9 በመቶ ገደማው ብቻ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከተሠራለት ሁለት ሳምንት ሆነው፤ እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ኦፕራሲዮኑ ከሽፏል ማለት ነው?

መልስ፦ ለመፍረድ ገና ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጉዳቱ በታች ያለው ህብለ ሰረሰር ከደረሰበት ምት የተነሳ ለጊዜው ሥራ አቁሞ ጸጥ ሊል ይችላል። ለውጡን ለማየት ወራት ይፈጃል። ፊዚዮቴራፒው እንዳይቋረጥበት፣ ቁስል እንዳያወጣም ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ።

ጥያቄ፦ ከተጎዳሁ 5 ወር ሆነኝ። ክርኔ ይታጠፋል፤ ጣቶቼ ግን ምንም አይዙም። ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ፤ ጊዜዎ ደግሞ ጥሩ ነው። የነርቭ ሽግግር ይባላል። ክርንን የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከአንድ በላይ ናቸው። የአንዱ ነርቭ ተቆርጦ አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ወደሚያጥፈው ነርቭ ይሰፋል። ክርኑ በቀሪዎቹ ይታጠፋል፤ ጣቶቹም ከአንጎል ትእዛዝ የሚቀበሉበት አዲስ መንገድ ያገኛሉ። ሐኪሙ ከመቁረጡ በፊት ነርቩን በትንሽ ኤሌክትሪክ ነክቶ የትኛው ጡንቻ እንደሚነቃ ያያል። ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ2019 የአውስትራሊያ ሐኪሞች ለ16 ወጣቶች 59 ነርቮች ማዛወራቸውን ዘገቡ፤ ያልሠሩት አራቱ ናቸው። ሽግግሩ ክርን መዘርጋት ላቃታቸውም ይሠራል፤ ክርን መዘርጋት ሲመለስ ሰው በገዛ እጁ ተደግፎ ከዊልቸር ወደ አልጋ መሸጋገር ይችላል። ይህ ሕይወት ይለውጣል!

የቆየው ዘዴ ጅማት ማዛወር ነው፤ የሚሠራ ጡንቻ ጅማት የማይሠራውን እንዲተካ ቦታው ይቀየራል። ቶሎ ውጤት ይሰጣል፣ እጁ ዕቃ የሚይዝበት ኃይልም ይጠነክራል። ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል። ጅማቱ ዓመታት ቢያልፉም ይሠራል። ነርቩ ግን ለአንዳንድ ጡንቻዎች ከዓመት ካለፈ ይረፍድበታል። የሚያሳዝነኝ ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ከረፈደ በኋላ መሆኑ ነው። አሁኑኑ የእጅ ቀዶ ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ በስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ሊለወጥ በሚችል ህዋስ) እንደሚያስነሳኝ ነግሮኛል። ቤቴን ልሽጥ?

መልስ፦ እባክዎ አይሽጡ። ከባድ ጉዳትን እንደሚፈውስ የተረጋገጠ የሴል ሕክምና እስካሁን የለም። ጉዳትም አለው። በ2014 የተዘገበች አንዲት ሴት፣ ከአፍንጫዋ የተወሰደ ህዋስ ህብለ ሰረሰሯ ላይ ከተተከለ ከስምንት ዓመት በኋላ እዚያው ዕጢ አድጎባት በኦፕራሲዮን ወጥቶላታል። ክሊኒኩን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ምርምሩ በይፋ ተመዝግቧል? ወጪውን የሚከፍለው ማነው? በትክክለኛ ምርምር ላይ ታማሚ ለሙከራው ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።