ካቴናው አንዴ ሲጠብቅ አንዴ ሲላላ፣ እና የትሪያልስ የኋላ ሃብ ምርጫ

ሰላም ወንድሜ። ባለ 20 ኢንች ትሪያልስ (መሰናክል ላይ እየዘለሉ የሚነዱት) ሳይክልህ 18 በ12 ጥርስ ነው (ፊት 18፣ ኋላ 12)፣ ፍሪዊሉም (ሳትረግጥ ስትሄድ ፔዳሉን ነጻ የሚለቀው ክፍል) ክራንኩ ላይ ነው ብለሃል። ካቴናው እየጠበቀ እየላላ ስላስቸገረህ ፍሪዊል ያለው የኋላ ሃብ (የጎማው መሃል) ልግዛ ወይ ነው ጥያቄህ። ለካቴናው ብለህ ከሆነ አትግዛ፤ መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ለይ።

ሳይክሉን ገልብጠህ ከፊት ጥርስ አንዱን፣ ከኋላ ጥርስ አንዱን፣ ከካቴናው ደግሞ አንድ መገጣጠሚያ በማርከር ምልክት አድርግ። ክራንኩን ቀስ ብለህ ወደ ፊት አዙር። በየዙሩ ክራንኩ አንድ ቦታ ሲደርስ ብቻ ከጠበቀ ችግሩ ፊት ነው። በሁለት የክራንክ ዙር ሦስት ጊዜ ከጠበቀ የኋላው ጥርስ ነው፤ 18 በ12 ላይ የኋላው በአንድ ዙር አንድ ተኩል ጊዜ ይዞራልና። መጥበቁ ምልክት ያደረግህበት መገጣጠሚያ አንድ ቦታ በደረሰ ቁጥር ከመጣ ግን ካቴናው ውስጥ የደረቀ መገጣጠሚያ አለ።

ችግሩ ፊት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። የኋላ ፍሬን ያዝና ክራንኩን ወደ ኋላ አዙር። ካቴናው አይንቀሳቀስም። ቆሞ እያለም ከጠበቀና ከላላ የክራንኩ ጥርስ መግቢያ (ፍሪዊሉ የሚጠመዘዝበት) ወይም የክራንኩ አክስል ጠማማ ነው፤ ኩሽኔቱ ያለቀም ሊሆን ይችላል። ምንም ካልተለወጠ የፍሪዊሉ የውጭ ቀለበት ነው መሃሉን የሳተው። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ካለባቸው ወደ ኋላ ባዞርክ ቁጥር አቀማመጣቸው ስለሚለዋወጥ ችግሩ አንዳንዴ የጠፋ ይመስልሃል። የተጣመመ የኋላ አክስልን ግን አትጠርጥር፤ እሱ ስለማይዞር ጎማውን ያጣምማል እንጂ ካቴናውን እያፈራረቀ አያጠብቅም።

መፍትሔው እንደ ጥፋቱ ነው። ተጠምዝዞ የሚገባ ፍሪዊል ማስተካከያ የለውም። ፈትተህ ጥርስ መግቢያውን አጽዳ፣ ግራሶ ቀባ፣ እስከ መጨረሻው መቀመጡን አረጋግጥ፤ ከዚያም ካልተስተካከለ ፍሪዊሉን ቀይር። የፊት ጥርስህ በቡሎን የሚታሰር ዓይነት ቢሆን ቡሎኖቹን በትንሹ አላልተህ፣ ካቴናው በጠበቀበት ቦታ ጥርሱን በፕላስቲክ መዶሻ ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ መታ መታ እያደረግህ መሃል ታስገባው ነበር።

ካቴናውን ደግሞ ለካ፦ 12 ሙሉ ኢንች፣ ማለትም 24 መገጣጠሚያ፣ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊሜትር ነው። 306.5 ከደረሰ ጣለው።

ትንሽ ልዩነት ሁሌም ይኖራል፣ ፍጹም አትፈልግ። ውጥረቱን በሚጠብቅበት ቦታ ላይ አስተካክል፤ ካቴናው መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች በድምሩ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ይንቀሳቀስ። በሚላላበት ቦታ ካስተካከልክ ሲጠብቅ ኩሽኔቶቹን ይበላል። በሚላላበት ቦታ ከ15 ካለፈ እኔ አልነዳውም፤ ስትረግጥ ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ወደ ፊት ነው የምትወድቀው። ማወጠሪያዎቹን ግራና ቀኝ እኩል አዙር። ስትረግጥ ብቻ የሚላላ ከሆነ ግን የጥርሱ በኩል ያለው ቡሎን በደንብ ስላልጠበቀ አክስሉ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነው።

ወደ ሃቡ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የፍሬሙን የኋላ ስፋት ለካ፤ ብዙዎቹ ባለ 20 ኢንቾች 116፣ ባለ 26ቶቹ 135 ሚሊሜትር ናቸው። ከዚያ አያያዙን፣ ማለትም ስትረግጥ ፍሪዊሉ እስኪይዝ ፔዳሉ ቢበዛ ስንት ዲግሪ እንደሚዞር፣ አስላ። ክራንክ ላይ ያለ ባለ 72 ነጥብ (በአንድ ዙር 72 ቦታ የሚይዝ) ፍሪዊል በ5 ዲግሪ ይይዛል። ኋላ ላይ ሲሆን ግን በአንተ ጥርስ ለ1.5 ይካፈላል፦ ባለ 72ቱ ክሪስ ኪንግ ሃብ ፔዳሉ ላይ 3.3 ዲግሪ፣ ባለ 44ቱ ሆፕ ፕሮ 4 ደግሞ 5.5 ገደማ ይሆናል። ኋላ ያለው ፍሪዊል የሚሸከመው ጉልበትም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ሲዘልልብህ ግን የሚጠገነው ውድ ሃብ ነው፣ ክራንኩ ላይ ያለው ግን ተፈትቶ በሌላ ይተካል። ለንጹህ ትሪያልስ ያለህን ይዘህ ቀጥል ባይ ነኝ። ረጅም መንገድ የምትነዳበት ከሆነ ፍሪዊል ያለው ሃብ ይመረጣል፣ ሳትረግጥ ስትሄድ ካቴናው ስለማይዞር። እሱን ከገዛህ የኋላውን ጥርስ እግሩ (ሃቡ ላይ የሚቀመጥበት ክፍል) ሰፊ የሆነውን ምረጥ፤ ቀጭኑ የአልሙኒየሙን አካል ይቦረቡረዋል፣ ሲላላም መሃሉን ይስታል።